ለጥፋተኛ ቤት የለም

«ራሳቸው ያመጡት ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?»

ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔና ፈጣሪዬ ብቻ ነን የምናውቀው። ገንዳ ውሃ ላይ የቀበሌ ቤቶችን ሳስተዳድር ነው ዕድሜዬን የጨረስሁት። መጠጊያ ላጣ ቤተሰብ የምትሰጥ ጥቂት የጭቃ ቤት ነበረችን፤ እሷን ስጠብቅ፣ ሳሳድስ፣ ሳስረክብ፣ አንዳንዴም እያለቀስሁ ሳስለቅቅ ጸጉሬ ነጣ። ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ሽኝት ተብሎ ጋቢ አለበሱኝ። በዚህ ሰው በላብ በሚቀልጥበት በረሃ ጋቢ! እንኳን ለመልበስ ለማየትም ያልባል።

በዚያው በሽኝቱ ቀን ተተኪዬ አዲሱን መመዘኛ አምጥታ አሳየችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሩንም ታውቅበታለች። ቤት ለሚጠይቁ ቤተሰቦች ነጥብ ይሰጣል፤ ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት ታዲያ «ቤት ያጣችሁት በራሳችሁ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። ጥፋተኛ ከሆኑ ነጥባቸው ይቀነሳል። «እትዬ ዓለምነሽ፣ አስተያየት ካለዎት» አለችኝ በትሕትና። አስተያየት! ጋቢውን አውልቄ ልወረውርባት ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን እሷ ምን አደረገች? የታዘዘችውን ነው የጻፈችው። ቤቴ ገብቼም ንዴቱ አልለቅ ስላለኝ ይኸው መጻፍ ጀመርሁ።

ሥራ የጀመርሁት መተማ ዮሐንስ፣ ከድንበሩ ጥግ፣ በጸሐፊነት ነው። ከዚያ ሽንፋ ላኩኝ፤ ከዚያ ገንዳ ውሃ አመጡኝና በዚያው ቀረሁ። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ የሚያስቅ ነገር ለልጅ ልጆቼ አስቀምጫለሁ። ቤት ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ ግን እዚህ ገንዳ ውሃ የመጀመሪያው አለቃዬ የነበሩት አያ ይርጋ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረውና።

አያ ይርጋ ድሮ ግንበኛ ነበሩ። ኃላፊም ሆነው ቢሮ መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ዘንጋቸውን ይዘው ማለዳ ይወጣሉ፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። የኛ አገር አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቅና እግር ይውጣል፣ በክረምት ይነፋና ግድግዳ ይገፋል። እሳቸው ወደ አንድ ቤት ሲደርሱ ፊት ለፊቱን አያዩም። ዞረው ከጀርባ ይሄዱና ቦዩን ያያሉ፤ ውሃው መውረጃ አለው ወይስ ግድግዳው ሥር ይተኛል? ከዚያ ዘንጋቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሰድደው ጥልቀቱን ይለካሉ፣ በመዳፋቸው ግድግዳውን ይደባብሳሉ፣ ማገሩን አንኳኩተው ምስጥ መብላት አለመብላቱን በድምፁ ይለያሉ። ይህን ሁሉ ሳይጨርሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ» የሚላቸውን ሰው ሰላም አይሉም። ሰዉም ስለለመደ አይቀየማቸውም።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ይኖሩበታል የተባለ ቤት ደረስን። በሩ ተቆልፏል። የእህታቸው ልጅ ነኝ የሚል ነጋዴ ከየት መጣ ሳይባል ከች አለ። «አክስቴ ለቅሶ ሄደዋል» አለ። አያ ይርጋ መልስ ሳይሰጡት ጎንበስ ብለው በበሩ ሥር ጉንዳኑን ያዩ ጀመር። ጉንዳኑ ተሰልፎ ይገባል ይወጣል፣ የሚወጣውም በየአፉ ነጭ ነገር ይዟል። «አክስትህ ሰሊጥ ለብሰው ነው ለቅሶ የሄዱት?» አሉት። ሲከፈት ቤቱ እስከ ጣራው የሰሊጥ ኩንታል ነው፤ አሮጊቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ የመኸር ጊዜ ሲደርስ በየበሩ ሥር እያጎነበስሁ ጉንዳን ስፈልግ ወገቤ ተቆረጠ።

ዋናው ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። ቤት ሰጪው ኮሚቴ ሲሰበሰብ፣ ቤት ጠያቂው ቤተሰብ በሚያድርበት ቦታ ካልሆነ አያሰበስቡንም። ቢሮ የለም፣ ወንበር የለም። አረቄ የምታወጣ አንዲት እናት ነበረች፤ የራሷ አረቄ እሳት ተነሥቶ ቤቷን አነደደው። ኮሚቴው ገና ሳይሰበሰብ ፈርዶባት ነበር፦ በገዛ እጇ አቃጥላ ምን ልትሁን! አያ ይርጋ ሁላችንንም ይዘውን ሄዱ። ሴትዮዋ የምታድረው ከነልጆቿ ተሳቢ መኪና ሥር ነው። ከዚያው ከተሳቢው አጠገብ ድንጋይ ድንጋይ ላይ አስቀመጡን። ፀሐዩ አናታችንን ሲበሳን፣ ሕፃኑ የመኪና ዘይት ላይ ሲንከባለል ስናይ፣ ያ ሁሉ ፈራጅ ፍርዱን ተወው። ቁልፉን በዚያው ሰዓት ሰጠናት።

«ጥፋት የለባትም» ብለው ግን አልነበረም። ምን በወጣቸው! ቁልፉን እጇ ላይ ካኖሩ በኋላ ነው የተቆጡት፤ እኔ እንኳ ለሷ ደነገጥሁ። ማውጫውን ከቤት አርቃ ዳስ ሥር እንድታደርግ አዘዟት፣ እየተመላለሱም አዩ። ስንመለስ «አያ ይርጋ፣ መጀመሪያ አይቆጡም ነበር?» አልኋቸው።

«አንቺ ደግሞ!» አሉኝ። «ቤት የሌላት ሴት ምክሬን የት ታስቀምጠዋለች? መጀመሪያ በር ስጪ፣ ከዚያ እስኪበቃሽ ተቆጪ።»

እሳቸው ካለፉ በኋላ ምን ልበላችሁ፣ ኮሚቴው ቢሮ ገባ። ቬንቲሌተር መጣ፣ ወንበር መጣ፣ የታሸገ ውሃ መጣ። ሰዉ ነፋሱ ሥር ቁጭ ሲል ክርክሩ ጣመው። ማን ሰነፍ ነው፣ ማን ጠጪ ነው፣ ማን ባሏን ያበሳጨች ናት። እረ የሰው ኃጢአት ሲቆጠር እንዴት ደስ ይላል እናንተ!

እንዲህ እያልን ነው የደሳለኝ ጉዳይ የመጣው። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነበር።

ደሳለኝ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የቀን ሠራተኛ ሆኖ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ትርንጎ የምትባል ያገሩን ልጅ አገባ፣ አራት ልጅ ወለዱ፣ ከከተማው ዳር ቆርቆሮ የለበሰች ቤት ሠሩ። ይህን ሁሉ በጉልበቱ ያደረገ ሰው፣ ባንድ ቀን ያችን ቤት ሸጦ በሽንፋ በኩል መሬት ተከራየበት። በትራክተር አሳረሰ፣ ሰሊጥ ዘራ። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም! ትርንጎ የሰማችው ገዢው ሜትር ይዞ ግቢውን ሊለካ ሲመጣ ነው። ሰሊጡ አማረ፤ ታጨደ፣ ታሰረ፣ እኛ ሂላ በምንለው የነዶ ክምር ሆኖ እንዲደርቅ ቆመ። በዚያ ላይ ያለ ጊዜው ዝናብ ወረደ። ሰሊጥ ሂላ ላይ ሆኖ ዝናብ ካገኘው አለቀለት፤ ያልበሰበሰው ይረግፋል። መሬቱ የሰው፣ ቤቱ የሰው፣ እሱ ባዶ እጁን።

ጥቂት ጊዜ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ከሱዳኑ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በድንበሩ ሲገባ የቤት ኪራይ ሰማይ ወጣ፣ አከራዩም አስወጣቸው። ከዚያ የሐጂ ኢድሪስ መጋዘን በረንዳ ላይ ሸራ ወጥረው ማደር ጀመሩ። ሐጂ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ የኮሚቴያችንም አባል ነበሩ።

ትርንጎ ቢሮዬ መጣች። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ሰው ፊት ማልቀስ የማትወድ ሴት ናት። «እትዬ» አለችኝ፣ «ክረምቱ ሳይገባ አንድ በር ካላገኘሁ ልጆቼን መበተኔ ነው። ትልቋን ጎንደር ሰው ቤት ላስቀጥራት ነው፤ ሁለቱን ወንድሜ ጎጃም ሊወስድልኝ ነው። ከኔ ጋር የምትቀረው የምትጠባዋ ብቻ ናት። እኔ ሌላ ነገር አልለምንም፤ ልጆቼ ባንድ ጣራ ሥር ይደሩልኝ።»

ትልቋ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደሳለኝን አስጠራሁት።

«አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ? ቤት ይሸጣል? በልጆችህ ላይ?»

አንገቱን ደፍቶ «አምና ሁሉም ሰው አገኘበት እኮ እትዬ» አለኝ። «ጎረቤቴ ባጃጅ ገዛ። እኔ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«ዓይንህን ጨፍነህ ገደል ግባ ቢሉህ ትገባለህ?»

«ገባሁ እኮ» አለ።

ምን ይባላል? ጥፋተኛ ነው። አዎ ነው! በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ግን ጥፊው ለልጆቹ ጣራ አይሆንም።

በዚያን ጊዜ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ሁለት ክፍል ቤት ባዶ ነበረች። የነበሩት ሰዎች ለቀው ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ሌላ ጠያቂ ቤተሰብም አልነበረ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስንቴ አገኘሁ? ቤቱ እዚህ፣ ቤተሰቡ እዚያ፤ ያለው ነገር ቁልፍ መስጠት ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ነው ስብሰባ የገባሁት፤ ሞኝ!

አምስት ነበርን። ሊቀመንበሩ አቶ ምናሉ፣ የሴቶች ተወካይ ወይዘሮ ስንዱ፣ ሐጂ ኢድሪስ፣ እኔ ጸሐፊዋ፣ አምስተኛውም ሊቀመንበሩ ባሉት የሚያድር አንድ ሰውዬ። ጉዳዩን አቀረብሁ።

«ቤቱን ሸጦ የመጣ ሰው ነው?» አሉ አቶ ምናሉ። «ለሱ ብንሰጥ ነገ ከተማው በሙሉ ቤቱን ሸጦ በራችን ላይ ይሰለፋል።»

«የወፍጮ ትቢያ የሞላባትን ሁለት ክፍል አገኛለሁ ብሎ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ካለ፣ እሱስ ጠበል ነው የሚያስፈልገው» አልሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ገቡ። «ሚስትየውስ የት ነበረች? ባሏ ቤት ሲሸጥ የማታውቅ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? አንዳንዷ እኮ ስትዝናና ነው…»

«ስንዱ በማርያም! ሰውየው ደብቆ ነው የሸጠው።»

«የሚደበቅ ነገር አለ በትዳር?» አሉኝ። እኚህ ሴት እኮ ባላቸው መተማ ዮሐንስ ሌላ ቤት ሠርቶ ሲኖር ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሰሙ ናቸው። ምላሴን ነከስሁ። ዛሬም እንደነከስሁት ነው፤ ይኸው እዚህ ላይ ለቀቅሁት።

ሐጂ ኢድሪስ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ወላሂ አንድ ነገር ልናገር» አሉ። «አምና እኔም ቤቴን አስይዤ ነው ሰሊጥ የገዛሁት። ምናሉ፣ አንተም የባለቤትህን ወርቅ ሸጠህ ዘርተህ ነበር። ዋጋው ወጣልን፣ አልሐምዱሊላህ፤ ሰዉም ጎበዝ አለን። ቢዘንብብን ኖሮ ዛሬ እኛ ነን በረንዳ ላይ። በረንዳው የኔ ስለሆነ ብቻ ትንሽ እሻላለሁ።»

ሳቅን። አቶ ምናሉ ግን አልሳቁም። «እኛ አስልተን ነው የገባነው» አሉ።

«ዝናቡንም አስልታችሁ ነው?» አልኋቸው። «እሺ ይሁን፣ ሰውየው አጥፍቷል። ልጆቹስ? ልጆቹ ስንት ሄክታር ዘሩ?»

«ልጆቹ ያሳዝናሉ። ግን መርሕ መርሕ ነው፣ እትዬ።»

እንግዲያውስ ሄደን እንያቸው፣ ስብሰባውን እዚያው በረንዳው ላይ እናድርገው ብዬ ለመንሁ። ለመኪናው ነዳጅ የለም አሉኝ። ነዳጅ! ከቢሮው እስከ ሐጂ መጋዘን እኮ ሻይ ቀድቶ የሄደ ሰው ሳይበርድበት ይደርሳል። በመጨረሻ ሦስት ለሁለት «ይጣራ» ተባለ። ሰውየው ገንዘቡን በእውነት ለሰሊጥ አውሎት እንደሆነ፣ መጠጥ እንዳለበት፣ ዘመድ እንዳለው ይጣራ። እስኪጣራ ቤቷ ተቆልፋ ትቆይ።

የጭቃ ቤት ተቆልፎ አይቆይም እኮ! ይህን ለማወቅ ግንበኛ መሆን አይጠይቅም። እሳት የማይነድበት፣ ጢስ የማይገባው ቤት ምስጥ ይፈነጭበታል። ቦዩን የሚጠርግለት ከሌለ ውሃ ግድግዳው ሥር ይተኛል። «ቢያንስ እንደ ዘበኛ ሆነው ይግቡባት፤ ሲወሰን ይወጣሉ» አልሁ። «ከገቡ ማን ያስወጣቸዋል?» ተባልሁ። ቦዩን በራሴ ሰው አንድ ጊዜ አስጠረግሁት። የወፍጮ ቤቱ ገለባ መልሶ ደፈነው። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ እኔንም ወባ ጣለኝ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ እሰማለሁ። ሐሳቤ ሁሉ እዚያች ቤት ጀርባ ነበር።

ተሽሎኝ ስወጣ ቤቷ የለችም፤ በሌሊት ወደቀች አሉኝ። የኋላ ግድግዳዋ ወደ ውስጥ ተኝቷል፣ ጣራዋ በላዩ ተደፍቷል። ቦዩ ውስጥ ገለባና ጭቃ እስከ አፉ ሞልቷል። ማገሩን አንሥቼ ብሰብረው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ምስጥ ጨርሶታል።

አሁን ታዲያ ነዳጅ ተገኘ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ኮሚቴው በመኪና መጥቶ ፍርስራሹን ዞሮ አየ፤ ተመልሶም ተሰበሰበ። አጀንዳው «ለቤቱ መውደቅ ተጠያቂው ማን ነው» የሚል ነው። አቶ ምናሉ ቃለ ጉባኤ ያስጽፉኛል። «ይጻፉ እትዬ፦ ቤቱ የወደቀው በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት ስለሆነ፣ በማንም ላይ ተጠያቂነት አይኖርም።»

ብዕሬን አስቀመጥሁ።

«ደሳለኝም እኮ ዝናብ ነው ያለው» አልሁ።

አቶ ምናሉ የታሸገ ውሃቸውን ከፈቱ።

«እሱ ሌላ ነው» አሉ አቶ ምናሉ። «እሱ ወስኖ የገባበት ነው።»

«እኛስ ወስነን አይደለም የቆለፍናት? በድምፅ ብልጫ!»

«እትዬ፣ እባክዎ፣ ነገር አናክርር።»

ሐጂ ኢድሪስ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ተነሥተው ወጡ። ወይዘሮ ስንዱ ጣታቸውን ያያሉ። ቃለ ጉባኤውን አልጻፍሁም፤ ያ አምስተኛው ሰውዬ ጻፈው። ቤት ያፈረሰ ኮሚቴ ባንድ ከሰዓት በኋላ ነጻ ወጣ፤ ደሳለኝ ግን ገና እየተጣራ ነው።

ለትርንጎ ሰው ሳይነግራት እኔ ልንገራት ብዬ ወደ ሐጂ መጋዘን ሄድሁ። በረንዳው ላይ ሸራው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መናኸሪያ ናቸው አሉኝ። በባጃጅ ከነፍሁ።

የጎንደሩ መኪና ሊንቀሳቀስ ነው። ሁለቱ ወንዶች ከአጎታቸው ጋር ተቀምጠዋል፣ ትልቋ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ፌስታል ታቅፋ ወደፊት ብቻ ታያለች። ትርንጎ ሕፃኗን አዝላ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። ደሳለኝ ራቅ ብሎ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሯል።

«እትዬ መጡ?» አለች ትርንጎ። ሰው ፊት የማታለቅሰው ሴት ዛሬም አላለቀሰችም።

«ትርንጎ» አልኋት፣ «ያች ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ቤት… ወድቃለች። ግድግዳው በሌሊት ተደርምሶ…»

ቀኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ልጆቿን በመስኮቱ አንድ በአንድ አየቻቸውና ወደ ሰማይ ቀና አለች።

«ተመስገን!» አለች። «ተመስገን የኔ ጌታ! በሌሊት? ልጆቼ ተኝተው እያሉ እኮ ነበር የምትወድቀው እትዬ! ሁሉንም ባንዴ ልቀብራቸው ነበር። እሱ አውቆ ነው የከለከለን። እኔማ እነዚያን ሰዎች ስንት ቀን አማኋቸው፣ ይቅር ይበለኝ። ኮሚቴውን ያመስግኑልኝ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ይስጣቸው ይበሉልኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? አንቺ ገብተሽባት ቢሆን አትወድቅም ነበር ልበላት? ቦዩን ትጠርጊው ነበር፣ እሳትሽ ምስጡን ያባርረው ነበር፣ ልጆችሽም ዛሬ እዚህ መኪና ላይ አይጫኑም ነበር ልበላት? ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ትርንጎ እጄን ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች ምርቃቷን እንድቀበል ትጠብቃለች።

«አሜን» አልኋት።